ጉሮሯችን ውስጥ ክራር የለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ ሲዞር ሲዞር እኔም ጋር ደረሰ፣ እሱም አንዴ አይደለም፣ አራት ሰው ነው የላከልኝ፣ የሳውንድ ሰራተኛ መሆኔን ስለሚያውቁ "ይሄ ያንተ ነገር ነው" እያሉ። የሰው ድምፅ ምስጢር ምናምን ይላል፣ የጸሐፊ ስም የለበትም። ባጭሩ የሚለው ይሄ ነው፦ ጉሮሯችን ውስጥ እንደ ክራር የተወጠሩ አውታሮች አሉ፣ አእምሮ እያንዳንዷን ንዝረት እያዘዘ ያርገበግባቸዋል፣ ወፍራም ድምፅ ከደረት ቀጭን ድምፅ ከጭንቅላት ይወጣል፣ ሂሊየም የሳበ ሰው ድምፁ የሚቀጥነው ጋዙ አውታሮቹን ስለሚያቀላቸው ነው፣ ከሳንባ ትንፋሽ ሳይወጣ አንድም ፊደል መናገር አይቻልም፣ ማር ሲላስ አውታሮቹን ይቀባል፣ የተቀዳ ድምፃችን የሚያስጠላን ደግሞ ስልኩ ስለሚያበላሸው ነው።

ሲጀመር አጻጻፉ ይጥማል፣ እኔ ራሴ እስከ መጨረሻው ነው ያነበብኩት። ሁሉም ስህተት ነውም አልልም፣ ለምሳሌ "ሳንባ ጉልበት ይሰጣል፣ ጉሮሮ ድምፅ ያወጣል፣ አፍ ቃል ያደርገዋል" ያለው ቦታ ልክ ነው፣ እንዲያውም እዛ ላይ ቢያቆም ኖሮ እኔም ይሄን አልጽፍም ነበር። ግን ወዲያው ክራሩን አመጣ። ክራሩ ከገባ በኋላ ሌላው ስህተት ሁሉ እሱን ተከትሎ ነው የገባው፣ ስለዚ ከሱ ልጀምር፣ ትንሽም ልቆይበት ነው።

ለነገሩ ስህተቱን ይሄ ጽሑፍ አልጀመረውም። በ1741 ፓሪስ ውስጥ አንትዋን ፌሬን የሚባል የአናቶሚ ሰው ከሬሳ የወጣ ማንቁርት ወስዶ ከስር አየር ሲነፋበት ድምፅ ሰጠው፣ የሰውም የውሻም ሞክሯል፣ ለዛን ጊዜ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከዛ ምን አለ፣ ይሄማ እንደ ቫዮሊን ነው፣ አየሩ ደጋኑ ነው እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አውታሮቹ ናቸው አለና ስም አወጣላቸው። ሙከራው ልክ ነበር፣ የተሳሳተው ስሙ ነው፣ ስሙ ግን ከሙከራው በላይ ዕድሜ አገኘና ይኸው ወደ 300 ዓመት እየተጠጋው ነው፣ እኛም ተቀብለን የድምፅ አውታር እንላለን፣ አውታር ሲባል ደግሞ አበሻ ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ክራርና በገና ነው፣ ምን ይፈረድበታል።

ማንቁርታችሁ ውስጥ ያሉት ግን ሁለት እጥፋቶች ናቸው፣ ከግራና ከቀኝ ግድግዳ ወጣ ብለው የአየሩን መንገድ የሚዘጉና የሚከፍቱ፣ ከገመድ ይልቅ ከንፈር ቢባሉ ይቀርባል። ርዝመታቸው በወንድ ባብዛኛው ከ17 እስከ 25 ሚሊሜትር በሴት ከ12 እስከ 17 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች በሉት። ውስጡ ጡንቻ ነው፣ ከጡንቻው በላይ እንደ ጄል የላላ ስስ ነገር አለ፣ ከሱ በላይ ቀጭን ሽፋን። ሚኖሩ ሂራኖ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም በ1974 አካልና ልባስ ብሎ ነው ለሁለት የከፈለው፣ አካሉ ጡንቻው ነው፣ ልባሱ ደግሞ ስታወሩ በላዩ ላይ ሞገድ የሚሮጥበት ያ ልል ነገር። ጉንፋን ሲይዛችሁ ድምፃችሁ ለምን ወፍራምና ሻካራ ይሆናል፣ ልባሱ ስላበጠ ነው፣ ያበጠ ነገር ይከብዳል፣ የከበደ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚርገበገበው።

ከክራር ጋር አልሄድ የሚለው ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ ነው። ክራርም ማሲንቆም ላይ የድምፁ ምንጭ የአውታሩ መንቀጥቀጥ ነው፣ ገበቴው ያጎላዋል እንጂ። እኛ ጋር እጥፋቶቹ በር ናቸው፣ ይከፈታሉ አየር ቡፍ ብሎ ያልፋል፣ ይዘጋሉ ይቆረጣል፣ ይከፈታሉ ያልፋል፣ በወንድ በሴኮንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ገደማ፣ በሴት 200 ገደማ፣ የሚያለቅስ ሕፃን 400ን ያልፋል። ጆሮ ጋር የሚደርሰው የተቆራረጠው አየር ነው። ምሳሌ ካስፈለገ የድሮ ሳይረን ይሻላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዲስክ እየተሽከረከረ አየር ይቆራርጣል በቃ፣ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል፣ አንድም አውታር የለውም።

ሁለተኛው ይበልጥ ደስ የሚለኝ ነው። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ቀጭን ድምፅ ሲፈልግ በጣቱ አውታሩን ያሳጥረዋል፣ አጭር አውታር ቀጭን ድምፅ፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። እኛስ ስንዘፍን ወደ ላይ ስንወጣ እጥፋቶቹ ያጥራሉ? ይረዝማሉ እኮ! ማንቁርት ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ጡንቻ ልም አጥንቶቹን ጎንበስ እያረገች እጥፋቶቹን ትስባቸዋለች፣ ሲሳቡ ይረዝማሉ፣ ይሳሳሉ፣ ይወጠራሉ፣ መወጠሩ መርዘሙን ያሸንፈውና ድምፁ ይቀጥናል። ክራርም ሲቃኝ አውታሩ ሲጠብቅ ይቀጥናል ትሉኝ ይሆናል፣ እውነት ነው፣ ግን እዛ የሚርገበገበው ክፍል ርዝመቱ ያው ነው፣ እኛ ጋር ያለው ላስቲክ ነው።

ታዲያ ማን ነው በሩን የሚከፍትና የሚዘጋው? ጽሑፉ "ትንፋሽ ሲነካቸው" ብሎ ዘሎታል። መማሪያ መጽሐፍ ላይም ብዙ ጊዜ በርኑሊ ይባልና ይታለፋል፣ አየር በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል ግፊቱ ይወርዳል ስለዚ እጥፋቶቹን ወደ መሀል ይስባቸዋል ነው ነገሩ፣ ውሸት አይደለም ግን ብቻውን አይበቃም። ለምን፣ ሲከፈቱም ሲዘጉም እኩል የሚስባቸው ከሆነ አንዱ የሰጠውን ሌላው ይወስደዋል፣ ንዝረቱ ወዲያው ይሞታል። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ አስቡ፣ ሲሄድ ገፍታችሁ ሲመለስም እኩል ብትገፉት ይቆማል፣ ሁሌም በሚሄድበት በኩል ነው መግፋት ያለባችሁ። ጉሮሮ ይሄን የሚያደርገው እጥፋቶቹ መጀመሪያ ከታች ቀጥሎ ከላይ ስለሚከፈቱ ነው፣ ሲከፈቱ መሀላቸው ያለው ክፍተት ከታች ሰፊ ከላይ ጠባብ ይሆንና ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ሲዘጉ ይገለበጣል፣ ከታች ጠባብ ከላይ ሰፊ፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከላይ ጉሮሮና አፍ ውስጥ ያለው አየርም ቶሎ ለመንቀሳቀስም ቶሎ ለመቆምም ስለሚያንገራግር እሱም ያግዛል። ኢንጎ ቲትዝ የሚባል ፊዚሲስት በ1988 ይሄን በሒሳብ አስቀምጦታል። እና በየዙሩ አየሩ በትክክለኛዋ ሰዓት ትንሽ ገፋ ያደርጋል፣ ልክ እንደ ዥዋዥዌው።

ትንሽ ስላችሁ በጣም ትንሽ ነው። ለተራ ወሬ የሚበቃው የሳንባ ግፊት ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ውሃ ነው፣ ምን ማለት ነው፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትሮ 7 ሳንቲሜትር ያህል አስገቡና አረፋ እስኪወጣ ድረስ ንፉ፣ ያቺ ናት፣ ከአካባቢያችን አየር ግፊት 1 በመቶ አካባቢ። ከዛችም ጉልበት ወደ ድምፅ የሚቀየረው ከ1 በመቶ በታች ነው። (አንስቀው ብቻ፣ የምንሸከማቸው ስፒከሮችም ከዚ ብዙ አይሻሉም፣ አብዛኛውን ኤሌክትሪክ ሙቀት አርገው ነው የሚበሉት።)

እሺ አሁን አእምሮው። እያንዳንዷን ንዝረት አእምሮ ያዛል የሚለው የቴሌግራም ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፣ ራውል ሁሶን የሚባል ፈረንሳዊ በ1950 ሶርቦን ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ በትክክል ይሄን ነው ያለው፣ በሴኮንድ 200 ንዝረት ከሆነ ነርቩ 200 ጊዜ ይተኩሳል። ሰው ለተወሰነ ዓመት ከልቡ ተከራክሮበታል። በ1958 ያንቪለም ፋን ደን በርግ የሚባል ሆላንዳዊ የጡንቻ መለጠጥና የአየር ፍሰት ብቻቸውን እንደሚበቁ አሳየ፣ ዛሬ ድረስ የቆመው የሱ ነው። ሁሶንን የሚጥለው ነገር ደግሞ ብዙ ምርምር አይፈልግም፣ ወደ ማንቁርት የሚሄደው የግራው ነርቭ ደረት ድረስ ወርዶ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ ዞሮ ነው የሚመለሰው፣ የቀኙ በጣም አጭር ነው፣ ትዕዛዙ በየንዝረቱ ቢሆን ኖሮ የቀኙ ቀድሞ ይደርስና ግራና ቀኙ አይገናኙም ነበር። ሌላው ያው የፌሬን ሬሳ ነው፣ የሞተ ሰው ማንቁርት ምን አእምሮ አለው፣ አየር ሲነፋበት ግን ይጮሃል።

ይሄ የ1741 ሙከራ ደግሞ አሁንም ይሠራል። በ2012 በወጣ ጥናት በርሊን የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የሞተች ዝሆን ማንቁርት ቪየና ላብራቶሪ ተወስዶ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲነፋበት በሴኮንድ ከ20 ጊዜ በታች፣ ማለትም የሰው ጆሮ የማይሰማውን ያንን የዝሆን ጉርምርምታ ሰጠ። በ2023 ደግሞ በድመት ሞከሩት፣ ድመት ስትደባበስ ኽርርር የምትለው ጡንቻዋ በነርቭ እየተኮማተረ ነው ተብሎ ለዓመታት ይታመን ነበር፣ የ8 ድመቶች ማንቁርት ያለ አንዳች ነርቭ ከ25 እስከ 30 ኸርዝ (ማለትም በሴኮንድ ያን ያህል ጊዜ) ኽርርር አለላቸው። እና አእምሮ ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም፣ በሩን የሚገጥመውና የሚወጥረው እሱ ነው፣ የሚያንኳኳው ግን አየሩ ነው።

"ወፍራም ድምፅ ከደረት ቀጭን ድምፅ ከጭንቅላት" ለሚለው ዘማሪዎችም ዘፋኞችም የደረት ድምፅ የራስ ድምፅ ስለሚሉ ቃሉ ላይ ጠብ የለኝም። ደረታችሁ ላይ እጃችሁን አድርጋችሁ ኦኦኦ በሉ፣ ይነዝራል። ግን ግድግዳ ላይ ስፒከር ብትሰቅሉ ግድግዳውም ይነዝራል፣ ዘፈኑ ከግድግዳው ነው የመጣው የሚል ሰው የለም። የሁለቱ ልዩነት ያው እዛችው ጥፍር የምታክል ቦታ ላይ ነው፣ በደረት ድምፅ እጥፋቶቹ ወፈር ብለው ሙሉ ለሙሉ ይጋጠማሉ ዘግተውም ይቆያሉ፣ በራስ ድምፅ ይሳሳሉና ጠርዛቸው ብቻ ነው የሚርገበገበው።

ወፍራም ድምፅ ደረት ውስጥ የሚኖር ቢሆን ኖሮ ስልክ ላይ ያልቅለት ነበር። የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ የአባታችሁ ድምፅ መሠረቱ 120 ኸርዝ ከሆነ ያቺ 120 ስልኩ ውስጥ የለችም፣ ጭራሽ አልመጣችም፣ ሆኖም "ሃሎ" ሲሉ አባታችሁ መሆናቸውን ታውቃላችሁ፣ ድምፃቸውም ወፍራም ነው። የመጣው 360፣ 480፣ 600 እያለ የሚቀጥለው ብዜቷ ነው፣ ጆሮና አእምሮ በመሀላቸው ያለውን የ120 ርቀት አይተው የጠፋችውን ሞልተው ይሰሟታል። እኔ ይሄን መጀመሪያ ሳውቅ ለሁለት ቀን ያህል ስልክ ማውራት አስጠልቶኝ ነበር፣ ያልተላከልኝን ነገር እየሰማሁ እንደሆነ እያሰብኩ።

በዚሁ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ሠርግ ላይ ሽማግሌ ሊመርቁ ማይክ ያዙ፣ ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ "ወፍራም ድምፅ ቤዝ ነው" በሚል ሚክሰሩ ላይ ቤዙን ጨመርኩላቸው። አዳራሹ ውስጥ ጉም ጉም ጉም ብቻ ነው የሚሰማው፣ ምርቃቱ የት ጋ እንዳለቀ የሚያውቅ የለም፣ አሜን የሚል ጠፋ። አብሮኝ የነበረ የቆየ ባለሙያ ምንም ሳይናገር መጣና ቤዙን ቆረጠው፣ ወደ 3000 ኸርዝ አካባቢ ትንሽ ከፍ አረገ፣ ወዲያው ጥርት አሉ፣ አሜኑም መጣ። ጆሯችን በጣም የሚነቃው እዛ አካባቢ ነው። ማይክ ሳይዙ ከሙሉ ኦርኬስትራ በላይ የሚሰሙ የኦፔራ ዘፋኞችም የሚጠቀሙት ይሄንኑ ነው፣ ስዊድናዊው ዮሃን ሱንድበርግ እንዳሳየው ከማንቁርት በላይ ያለችውን ቦታ አስተካክለው ወደ 3000 ኸርዝ አካባቢ ጉልበት ይሰበስባሉ፣ ኦርኬስትራው ደግሞ ጉልበቱ 500 አካባቢ ነው፣ እነሱ ባዶ ቦታ አግኝተው ይገባሉ።

ይሄ ወደ ሂሊየሙ ያመጣናል፣ እዚ ላይ ጽሑፉ ዋናውን ነገር ስቶታል። ሂሊየም እጥፋቶቹን አያቀልም፣ ሥጋ ናቸው፣ ሥጋ አንድ ትንፋሽ ጋዝ ስላለፈበት ክብደቱ አይቀንስም። ሂሊየም የሚቀይረው ቧንቧውን ነው። ከእጥፋቶቹ እስከ ከንፈር ያለው መንገድ በአዋቂ ወንድ 17 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ጎኑ ዝግ አንድ ጎኑ ክፍት ቧንቧ በሉት፣ ሞቅ ባለ እርጥብ አየር ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 350 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ስታሰሉት ቧንቧው 500፣ 1500፣ 2500 ኸርዝ አካባቢ ያለውን እየመረጠ ያጎላል። ፎርማንት የሚባለው ይሄ ነው። ሂሊየም ውስጥ ድምፅ ወደ 3 እጥፍ ገደማ ይፈጥናል፣ አፋችሁ ውስጥ ከአየር ጋር ስለሚደባለቅ ያን ያህል ባይደርስም ፎርማንቶቹ ሁሉ ወደ ላይ ይነሳሉ፣ ዳክዬ የሚመስለው ለዛ ነው። የእጥፋቶቹ ፍጥነት ግን ያው ነው ማለት ይቻላል፣ ኪቦርድ ላይ አንድ ኖታ ይዞ የሚዘፍን ሰው ሂሊየም ስቦም ያቺኑ ኖታ ነው የሚይዘው፣ የጊታር መቃኛ አፕ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከፊኛ ትንሽ ሲስቡ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ስላሉ እነሱን እዩ፣ ከሲሊንደር ቀጥታ መሳብ የሚባል ነገር አትሞክሩ፣ ሂሊየም ኦክስጅን የለውም፣ ሰው ይገድላል።

ምንጩ ሌላ ቧንቧው ሌላ የሚለውን ነገር ጉናር ፋንት የሚባል ስዊድናዊ በ1960 በደንብ አደራጅቶታል፣ ከሱ በፊት በ1941 ቺባና ካጂያማ የሚባሉ ጃፓኖች አናባቢ ላይ ሰፊ ሥራ ሠርተው ነበር። እኔ ግን ሁሌም የሚገርመኝ የኛ የፊደል ገበታ ነው። ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ ብለን ስንቆጥር እኮ ቧንቧ ነው የምንቆጥረው፣ አንድ ተነባቢ ሰባት የአፍ ቅርጽ። ኣ ስትሉ አገጭ ይወርዳል ፎርማንቶቹ 700 እና 1200 አካባቢ ይቀመጣሉ፣ ኢ ስትሉ ምላስ ወደ ፊት ወጥቶ ላንቃ ይጠጋል አንዱ ወደ 300 ይወርዳል ሌላው 2200 አካባቢ ይወጣል፣ ኡ ስትሉ ከንፈር ይጠባል ሁለቱም ይወርዳሉ፣ ምላስና ከንፈር ዘና ብሎ ኧ ስትሉ ደግሞ ከላይ ወዳሰላነው ባዶ ቧንቧ ትጠጋላችሁ። ቁጥሩ ከሰው ሰው ይለያያል፣ ቅርጹ ግን ይሄው ነው። አሁን እስቲ በሹክሹክታ ለሉሊላሌልሎ በሉ። በሹክሹክታ እጥፋቶቹ አይርገበገቡም፣ ሽሽሽ የሚል አየር ብቻ ነው የሚያልፈው፣ ሰባቱም ግን አንድ በአንድ ይለያሉ። አውታር የለ፣ ኖታ የለ፣ ፊደሉ ግን አለ። ቆሎ ተማሪ በሹክሹክታ ቢያጠና መምህሩ አይሳሳትም።

ከሁሉም በላይ ግን ያናደደኝ፣ አይ ያሳቀኝ ልበል፣ "ከሳንባ ትንፋሽ ሳይወጣ አንድም ፊደል መናገር አይቻልም" የሚለው ነው፣ በአማርኛ ተጽፎ! እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቢለው ይቅር እለዋለሁ። አሁኑኑ ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ልክ ውሃ ውስጥ ልትጠልቁ እንደሆነ ጉሮሯችሁን ዝጉ። ከዛ ቅ፣ ጥ፣ ጭ፣ ጽ፣ ጵ በሉ። ወጡ አይደል? አሁን እንደያዛችሁ ም፣ ል፣ ዝ በሉ። የለም።

ቅ ስትሉ የሚሆነው ይሄ ነው፣ ሁለቱ እጥፋቶች ግጥም ብለው ይዘጋሉ፣ ምላሳችሁም ከኋላ ላንቃን ይዘጋል፣ መሀል ላይ ትንሽ አየር ታስራ ቀረች፣ ከዛ ማንቁርት ራሱ እንደ ፒስተን ወደ ላይ ይነሳል፣ የታሰረችው አየር ትጨመቃለች፣ ምላስ ሲለቃት ጧ ብላ ትወጣለች። ሳንባ ከጨዋታ ውጪ ነው፣ ከበር ውጭ ቆሟል። አንገታችሁ ላይ ጣት አድርጋችሁ ቅ ቅ ቅ ብትሉ ማንቁርቱ ዘለል ሲል ይታወቃችኋል። ተራ እና ጠራ፣ ክብ እና ቅብ የሚለያዩት በዚች ፒስተን ነው እንጂ ምላስና ከንፈሩ ያው ነው። አሜሪካ ተወልደው ያደጉ የዘመድ ልጆች "ቀይ" በሉ ስትሏቸው "ከይ" የሚሉት ምላሳቸው ስለተሳሰረ አይደለም፣ ፒስተኑን ማንም አላሳያቸውም፣ በሳንባ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሞክሩት። በል ትንፋሽህን ያዝና ቅ በል ብላችሁ ጀምሩላቸው፣ እኔ ጋ ሠርቷል።

ኦሮምኛ ደግሞ ተቃራኒውን ይጨምራል፣ ዸ ሲባል ማንቁርቱ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ አፍ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንስና ሲለቀቅ አየሩ ወደ ውስጥ ሳብ ይላል፣ ዹፌ (መጣ) ሲል የሰማችሁትን ሰው አስታውሱ። እና ፊደል ካልተባለ ይቅር እንጂ ከንፈር መምጠጣችንስ? የሰው መከራ ሰምተን ምጥ የምናደርገው ያ ድምፅ ከሳንባ ምንም አልፈለገም፣ አፍ ውስጥ ብቻ ነው ያለቀው። ወሬ እየሰማን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን "እህ" እያልን አዎ የምንለውስ? እሱ ከሳንባ አይወጣም፣ ወደ ሳንባ ነው የሚገባው፣ የውጭ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ምን ሆንክ ብሎ ይደነግጣል። እንግዲህ ጽሑፉን የጻፈው ሰው ይሄን ሁሉ በቀን መቶ ጊዜ እያደረገ ነው አይቻልም ያለው።

ማሩን ቶሎ ልለፈው። ማር ስትውጡ እጥፋቶቹ ተዘግተው በላያቸው ክዳን ይደፋባቸዋል፣ ማሩ በኋላቸው በምግብ ቧንቧ ነው የሚወርደው። ማር እጥፋቶቹን ቢነካማ ትን ብሏችሁ ነበር፣ ትን ማለት እኮ ያ ነው፣ ውሃ እንኳን ጠብ ስትልባቸው የምታደርጉትን ታውቁታላችሁ። ለድምፅ ይሆናል ተብሎ የሚጠጣው ጥሬ እንቁላልም እንደዛው። በማርና ዝንጅብል ጉሮሮ ለስለስ ይላል ሳልም ይታገሳል፣ ጠጡ፣ እኔም እጠጣለሁ፣ ግን እጥፋቶቹን አይቀባቸውም። በቀጥታ የሚደርስባቸው የምትስቡት አየር ነው፣ እንፋሎት ለዛ ነው የሚያግዘው፣ ውሃ መጠጣት ደግሞ በደም ዞሮ ነው የሚደርሳቸው፣ ስለዚ ኮንሰርት ሊጀመር 5 ደቂቃ ሲቀር አንድ ሊትር መጋት ሽንት ቤት ከማመላለስ ሌላ ጥቅም የለውም። ድምፃችሁ ተዘግቶ 3 እና 4 ሳምንት ካለፈው የማር ጉዳይ አይደለም፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ያየው። ሐኪሙ ትንሽ መስታወት ወይ ካሜራ ከቶ ነው የሚያየው፣ መስታወቱን በ1854 የራሱ ጉሮሮ ውስጥ ከቶ እጥፋቶቹ ሲሠሩ በማየት ያስተዋወቀው ደግሞ ሐኪም እንዳይመስላችሁ፣ ማኑዌል ጋርሲያ የሚባል የዘፈን አስተማሪ ነው፣ በጥርስ ሐኪም መስታወትና በፀሐይ ብርሃን።

የመጨረሻው የስልክ ቅጂው ነው። ስታወሩ ራሳችሁን በሁለት መንገድ ነው የምትሰሙት፣ አንዱ ከአፍ ወጥቶ በአየር ዞሮ በጆሮ የሚገባው፣ ሌላው በአጥንትና በሥጋ ውስጥ ለውስጥ የሚመጣው፣ የውስጡ መንገድ ወፍራሙን ክፍል ይጨምርላችኋል። ሁለቱንም ጆሯችሁን በጣት ደፍናችሁ አውሩ፣ የውስጡ ብቻውን ይሰማችኋል፣ እንዴት እንደሚያጓራ። ቅጂው ላይ ያ የውስጡ የለም፣ ለዛ ነው ቀጥኖ የሚሰማችሁ። ስልክ ንጹህ ነው አላልኩም፣ የቮይስ ሜሴጅ ጭመቃ ምን እንደሚያደርግ ከኔ በላይ የሚማረርበት የለም። ግን ስልኩ ቢሆን የሚያበላሸው፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተቀድታችሁ አብራችሁ ስትሰሙ የሁሉም ድምፅ ይቀየርባችሁ ነበር። ሞክሩት እስቲ፣ አምስት ሆናችሁ ተቀዱና አጫውቱት፣ የአራቱ ድምፅ ልክ እነሱን ነው የሚመስላችሁ፣ እያንዳንዱ ሰው "ይሄ እኔ ነኝ እንዴ" የሚለው በራሱ ላይ ብቻ ነው።